ኬላዋ «እለፍ» ስትል

ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው። ሾፌር አይደል፤ የሚያውቀው መንገድና ፍተሻ ነውና ሚስቱን «ኬላ» አላት። ስሙ ተጣብቆባት ቀረ፤ ዛሬ ጎረቤቱም የሥራ ባልደረባውም ኬላ ነው የሚላት። እኛም ኬላ እንበላት፣ አትቀየምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሾፌሩ ከሥራ ሲመለስ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እያለ በሩን ያንኳኳል። ኬላ ትከፍታለች። ደፉ ላይ ቆሞ ጎንበስ ይልና ፊቷ ላይ «እፍ» ይላል። ዓይኗን ጨፍና ትንፋሹን ትስበዋለች። ከዚያ «እለፍ» ስትለው ይገባል። ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቱ የገባው እንዲህ ነው። እንግዳ ቢኖርም፣ ዝናብ ቢያበሰብሰውም አይቀርም። ተኳርፈው በከረሙበት ሳምንት እንኳ እሱ እፍ ይላል፣ እሷ ፊቷን እንደቋጠረች «እለፍ» ትላለች፣ ከዚያ ሁለቱም ወደ ኩርፊያቸው ይመለሳሉ።

የሚስቅባቸው ሞልቷል። ይሳቅ፤ የሚስቀው ሁሉ ያኔ አልነበረም። ሾፌሩ ድሮ የጭነት መኪና ሲነዳ ይጠጣ ነበር። ይጠጣ ነበር ስል ከወዳጅ ጋር አንድ ሁለት ማለቴ አይደለም። ጠዋት ሳይቀምስ እጁ የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ መቆለፍ አይችልም ነበር። አንድ ቀን መኪናውን ከነጭነቱ ገለበጠው። እሱ ቆዳው ብቻ ተጫጭሮ ወጣ፣ ረዳቱ አንድ እግሩን አጣ። መንጃ ፈቃዱን ለሁለት ዓመት ተቀማ፤ ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ከረመ። ሊተወው የወሰነ ቀን ሚስቱን ጠርቶ እንዲህ አላት።

«እኔ ራሴን አላምንም። ምላሴም ዓይኔም ውሸት ለምደዋል። ያንቺ አፍንጫ ግን አይሸነገልም። በየቀኑ አሽቺኝ። የሸተትኩሽ ቀን አታስገቢኝ።»

አፍንጫዋም በእርግጥ አፍንጫ ነበር። የምትሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያና መተኮሻ ክፍል ነው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታጥፎ የመጣ አንሶላ ጠጋ ብላ «ይሄ ከሕጻናት ክፍል ነው፣ ይሄ ከቀዶ ሕክምና» ትላለች። አጠገቧ የምትተኩሰው ጓደኛዋ፣ ወሬ ስለማትጨርስ ሬዲዮ የምትባለው፣ ስንት ጊዜ ዓይኗን በሻሽ አስራ ፈትናታለች፤ አንድም ቀን አልረታቻትም።

በስድስት ዓመት ውስጥ ሾፌሩ የወደቀው አንዴ ብቻ ነው። የኬላ ወንድም ሞቶ አራት ቀን ለቅሶ ሄደች። በተመለሰች ማታ እሱ ከሥራ ሲመጣ፣ እፍ ሳይላት፣ ገና ከደረጃው ሸተታት። አላስገባችውም። ሁለት ቀን ደረጃው ላይ አደረ። ጎረቤት ለመነ፣ ሽማግሌ ገባ፣ እሷ ወይ ፍንክች። በሦስተኛው ቀን ንጹህ ሆኖ መጥቶ እፍ ሲላት «እለፍ» አለችው፤ እንደ ልጅ አለቀሰ። እሷም ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር በልቧ ይዛ ቀረች፤ ኬላው ለአፍታ ከተነሳ ይህ ሰው አይቆምም። አሁን የሚነዳው ጭነት አይደለም። የክር ፋብሪካ ሰርቪስ ነው፤ አርባ አራት ሰው ጠዋት ወስዶ ማታ ይመልሳል። እሷ ሌሊት ስትባንን የምታስበው እነዚያን አርባ አራት ሰዎች ነው።

እንግዲህ ብርድ በገባ ሰሞን ያ ክፉ ጉንፋን መጣ። መጀመሪያ ሰርቪሱ ውስጥ ገባ፤ ግማሹ መኪና ያስላል፣ ግማሹ ያነጥሳል። ሾፌሩ ቤት ይዞት መጣና ስድስት ቀን ተኝቶ ተነሳ። ከዚያ እሷን ጣላት። ትኩሳቱ፣ ቁርጥማቱ፣ ራስ ምታቱ፣ ምኑ ቅጡ። በሳምንቱ ለቀቃትና፣ ተመስገን ብላ ሥራ ገባች።

በገባች ቀን ነው ጉዱ የታወቀው። አንሶላ እየተኮሰች፣ ሬዲዮ ስለ አማቷ የጀመረችውን ወሬ ዞር ብላ እየሰማች ነበር። ሬዲዮ ወሬዋን ድንገት አቋረጠች፤ እሷ ወሬ ስታቋርጥ ደግሞ ነገር አለ ማለት ነው።

«አንቺ፣ እየነደደ እኮ ነው።»

ኬላ ዘወር ስትል ካውያው ሥር ጭስ ይትጎለጎላል። አንሶላው ጠቁሯል። ካውያውን አነሳችና የተቃጠለውን ጨርቅ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ምንም የለም። ደግማ ሳበች። ሙቀት ብቻ ነው። ቀጥ ብላ ወደ መደርደሪያው ሄዳ የበረኪናውን ጄሪካን ከፈተችና አፍንጫዋን ደቀነችበት። ዓይኗ ተቃጥሎ እንባዋ ወረደ፤ ሽታ የሚባል ግን የለም። ክዳኑን ሳትገጥመው እዚያው ቆማ ቀረች።

የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አገኘችው። ሁልጊዜ ጋውኑን የምትተኩስለት ልጅ እግር ሐኪም ነው። አፍንጫዋን በባትሪ አየላት።

«ቫይረሱ ነው፣ እትዬ» አላት። «ማሽተቻውን ጎድቶታል። ሰሞኑን ብዙ ሰው እየመጣብኝ ነው።»

«መቼ ይመለሳል?»

«ለአንዳንዱ በሁለት ሳምንት፣ ለአንዳንዱ በወራት። ዓመት የሚፈጅበትም አለ።»

«የማይመለስለትስ?»

«እሱም አለ» አለ ሐኪሙ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጥቂት ነው ግን። ጠዋትና ማታ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ እንዲህ ያሉ ጠንከር ያሉ ነገሮችን እያሸተትሽ አለማምጂው። ከዚህ በላይ የምሰጥሽ መድኃኒት ቢኖረኝ እሰጥሽ ነበር። እስከዚያው እሳት ተጠንቀቂ፣ ጋዝ ተጠንቀቂ፣ የተበላሸ ምግብም እንዳትበዪ።»

ተጠንቀቂ ካላት ነገር ውስጥ የባሏ ትንፋሽ አልነበረም። ልትጠይቀው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ እግር ሐኪም ከየት ተጀምሮ ይነገራል?

ለባሏ ልትነግረው ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። ወደ ቤት ስትሄድ መንገዱን ሙሉ ቃላቱን ስትመርጥ ነው የሄደችው። በሩ ተንኳኳ። ከፈተች። ሾፌሩ ደፉ ላይ ቆሞ «ኬላ ደረስን፣ ወረቀታችሁን አዘጋጁ» እያለ ይቀልዳል። ጎንበስ ብሎ እፍ አላት። ለብ ያለ አየር ፊቷን ነካት፤ በቃ፣ ያው ነው። ዓይኗን ስትገልጥ የቀለደውን ሰውዬ ሳይሆን ደረጃ ላይ ያደረውን ሰውዬ አየች። ጭንቅ አላት።

«እለፍ» አለችው።

ለሬዲዮ ብቻ ነገረቻት። ለሬዲዮ መንገር በድምፅ ማጉያ እንደመናገር ነው ይባላል፤ ይቺን ግን ሬዲዮም ሆዷ ውስጥ ቀበረቻት።

«ንገሪው» አለቻት ሬዲዮ። «ሰው አይደለም እንዴ? አፍንጫዬ ታሟል በይው።»

«ብነግረውማ ኬላው ተነሳ ማለት ነው።»

«ልጅ ነው እንዴ?»

«ልጅማ ቢሆን እቀጣው ነበር።»

«እኔን ከጠየቅሽኝ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለች ሬዲዮ። ኬላ ከመሳቢያዋ ሎሚና ቅርንፉድ የያዘች ቆርቆሮ አውጥታ አፍንጫዋ ሥር አደረገች። ዓይኗን ጨፈነች። ሬዲዮ እንኳ ዝም ብላ ጠበቀች።

«እ?»

«ምንም።»

እንዲህ እያለ ሁለት ሳምንት ሊሞላ ሆነ። ኬላ አፍንጫዋን በዓይኗና በጆሮዋ ልትተካ ሞከረች። የእርምጃውን ድምፅ ከደረጃው ጀምሮ ትቆጥራለች። ዓይኑ ቀልቷል ወይስ አልቀላም? ምላሱ ተሳስሯል? ራቱን በልቷል? ዓይኑ የቀላ ሲመስላት ጉንፋኑ ገና አለቀቀው ይሆናል ትላለች። ዝም ያለ ሲመስላት ደክሞታል ትላለች። ሰው ሊያምን የፈለገውን ለማመን ምክንያት አያጣም።

ከዚያ ወዲህ ሾፌሩ አመሉ ተለወጠ። ብርቱካን እየገዛላት ይመጣል። ሳትጠይቀው ውኃ ይቀዳል። ማምሻውን ደፉ ላይ ሲቆም ደግሞ አንዳች ነገር እንደሚጠብቅ ይዘገያል። አንድ ቀን እፍ አለና፣ «እለፍ» ስትለው አልገባም፤ እንደገና ጎንበስ ብሎ ጠንከር አድርጎ እፍ አላት።

«ደህና አሸተትሽ?» አላት።

ነቃብኝ፣ አፍንጫዬን ጠረጠረ አለች በሆዷ። እንዳይነቃባት ትንፋሹን በድምፅ ሳበችና ፈገግ አለች።

«እንደ ሕጻን ንጹህ ነህ። እለፍ አልኩህ እኮ።»

ሾፌሩ ጥቂት አያት። ከዚያ ጫማውን አውልቆ፣ ራሱን ደፍቶ ገባ። እዚህ ላይ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። ያን ምሽት ከሁለቱ አንዱ አንዲት እውነት ቢተነፍስ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር። እሷ ግን ጉዴን ሸፈንኩ ብላ ያን ማታ ደህና እንቅልፍ ተኛች።

ቅዳሜ ቀን ልጃቸው መጣች። ሌላ ከተማ የመምህራን ኮሌጅ ትማራለች፣ በሁለት ወር አንዴ ነው የምትመጣው። ቅዳሜ ለሾፌሩ የግማሽ ቀን ሥራ ስለሆነ ቤት ደርሶ ነበርና በሩን የከፈተላት እሱ ነው። እቅፍ አደረጋት። ኬላ ከወጥ ቤት ብቅ ስትል ልጅቷ ፊቷን ከአባቷ ትከሻ ላይ አንስታ፣ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ደርቃ ቆማለች።

እናቷን ወጥ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋች።

«እማዬ፣ አባዬን አስገባሽው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ጠጥቷል እኮ። ገና ሳቅፈው ነው የሸተተኝ። ልብሱ ሁሉ ይሸታል፣ ሳሎኑ ሁሉ ይሸታል።» እናቷን ትኩር ብላ አየቻት። «እማዬ፣ አይሸትሽም እንዴ?»

ኬላ የውኃ ጄሪካኑ ላይ ቁጭ አለች። ሽንኩርቱ ድስቱ ውስጥ እያረረ ነበር፤ ልጅቷ ናት ሮጣ ያወጣችው።

ሾፌሩ ሳሎን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ሚስቱ መጥታ ፊት ለፊቱ ስትቆም ቀና ብሎ አያት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

ሊክድ አልሞከረም። «አሁን ነው የምትጠይቂኝ?» አለ። «አስራ ሰባት ቀን እኮ ነው እፍ ያልኩልሽ።»

ኬላ ጠጋ አለችው።

«ረዳቴን መንገድ ላይ አገኘሁት» አለ፣ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መልሶ። «ያንን፣ እግሩን ያጣውን። በክራንች ቆሞ እየሳቀ ሰላም አለኝ፣ ስለ ልጆቹ አጫወተኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከእሱ ስለይ ገባሁና አንድ መለኪያ ጠጣሁ፤ አንድ ብቻ። እዚህ ደፍ ላይ ስደርስ ትጮህብኛለች፣ ደረጃው ላይ ታሳድረኛለች፣ ነገ ንጹህ ሆኜ እመለሳለሁ አልኩ። እንዲሸትሽ ብዬ ነው ጠንክሬ እፍ ያልኩት። እለፍ አልሽኝ።»

«እኔ...»

«በማግስቱም እለፍ አልሽኝ። በሦስተኛውም። ሁለቴ እፍ ያልኩብሽ ቀን ደግሞ ስቀሽ ንጹህ ነህ አልሽኝ። እያወቅሽ የተውሽኝ መሰለኝ። እሷንም ሰለቸኋት አልኩ። እሷን ከሰለቸኋት ለማን ብዬ ነው የምቆመው?»

«አፍንጫዬ የለም» አለች ኬላ። «ጉንፋኑ ወሰደው። ወር አልፎታል። በረኪና አይሸተኝም፣ የሚቃጠል ጨርቅ አይሸተኝም፣ አንተም አልሸተትከኝም።»

ሾፌሩ ዞሮ አፍንጫዋን አየው፤ ያው አፍንጫ ነው፣ የጎደለው ነገር አይታይም።

«ታዲያ ለምን እለፍ አልሽኝ?»

«እንዳትጠጣ ብዬ።»

ሾፌሩ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ተቀመጠ፣ እሷም አጠገቡ ወለሉ ላይ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእሷ ነው፤ እሷም ይህን አልሳተችውም። ልጅቷ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሁለቱንም እያየች ታለቅሳለች።

የዚያን ቀን ማታና እሁድ ጠዋት ልጅቷ የቤቱ አፍንጫ ሆነች። ቁምሳጥኑን፣ የአልጋውን ሥር፣ የመሣሪያ ሳጥኑን እያሸተተች ሦስት ጠርሙስ አወጣች። ሾፌሩ ራሱ አራተኛውን ከመጸዳጃ ቤቱ የውኃ ጋን ውስጥ አውጥቶ ሰጣት። ሁሉንም ደፉት። እሁድ ቀኑን ሙሉ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ላብ ሲያጠምቀው ዋለ። የሻይ ብርጭቆ መያዝ አቅቶት ኬላ አጠጣችው። ሲንቀጠቀጥ እያየች ደስ አላት፤ ደስታም ከተባለ። መንቀጥቀጡ ነው አለመጠጣቱን የሚነግራት።

ልጅቷ ሰኞ ፈተና ነበራትና ከሰዓት በኋላ መሄድ ግድ ሆነባት። ደረጃው ላይ እናቷን ይዛ «እማዬ፣ ነገ እንዳይነዳ» አለቻት። ኬላም እኮ ይህንኑ ነው ስትለምነው የዋለችው።

«ቅር» አለችው። «ታምሟል ብዬ እኔ ልደውል።»

«ለጉንፋኑ ስድስት ቀን ቀርቻለሁ። የስምሪት ኃላፊው አንድ ቀን ብትደግም በቦታህ ሌላ ሰው አስቀምጣለሁ ብሎኛል። ይቺ ሥራ ከሄደች እኔን ደግሞ ማን ይቀጥረኛል? ስሜን ሁሉም ያውቀዋል።» እጁን ዘረጋላት። «ይኸው እዪው። አልጠጣሁም። አልጠጣምም። ሥራ ካጣሁ ግን፣ ቤት ከተቀመጥኩ ግን፣ ለራሴም አልፈርምልሽ።»

እውነቱን ነው። ይህንንም ታውቃለች። ብታስቀረው ይጠፋል፣ ብትለቀው አርባ አራት ሰው አለ። ሌሊቱን ዓይኗ ሳይከደን አደረች። ሊነጋጋ ሲል ተነስቶ ሲለብስ እሷም ተነስታ ለበሰች።

«አብሬህ እሄዳለሁ» አለችው።

አልተቃወመም። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቆይቶ ወጣ፤ ፀጉሩ ርሷል፣ ሳሙና ሳይሸት አይቀርም። የሸሚዙን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፋቸው። ኬላ እጁን ነው የምታየው። እጁ ጸጥ ብሏል። እሁድ ሙሉ ቅጠል የመሰለው እጅ አሁን ቀጥ ብሎ ቁልፍ ይቆልፋል። መጠጡ ወጥቶለት ይሆን? ሁለት ሌሊት አልፏል፣ ሊሻለው ይችላል። ወይስ? ከፊቱ ቆማ ቀና አለች። ሳትጠይቀው እፍ አላት። አየር ነው። ዓይኑን አየችው፣ ዓይኑን ሰበረ። ሰው ዓይኑን የሚሰብረው ስላፈረ ነው፣ ያፈረ ሁሉ ደግሞ የጠጣ አይደለም። እንዲህ ስታወጣ ስታወርድ ቁልፉን አንስቶ ወጣ። ተከተለችው።

ሰርቪሱ ውስጥ ከኋላው የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። መንገዱ ገና ጭር ያለ ነው። በደንብ ይነዳል፤ መብራቱን ያከብራል፣ ሲታጠፍ ያሳያል። እሱ ድሮም ጠጥቶ በደንብ ይነዳ ነበር፣ እስከዚያች ቀን ድረስ። መጀመሪያው ፌርማታ ላይ ሰባት ሰው ተሳፈረ። ሌሊቱን ያሰበችውን ልትናገር አፏን ከፈተች፣ እፍረት ያዛትና ዘጋችው። ድልድዩን ተሻገሩ። ከታች ያለውን ውኃ ላለማየት የባሏን ማጅራት እያየች ተሻገረች።

ሁለተኛው ፌርማታ ላይ የእሷ እኩያ የምትሆን ሴት፣ ምሳዋን በፌስታል ይዛ ገባች። ኬላ ተነስታ ክንዷን ያዘቻት።

«እህቴ፣ በሞቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አለቻት። «ሾፌሩ ባለቤቴ ነው። ጠጋ በዪና ትንፋሹን አሽቺልኝ።»

ሴትዮዋ የምትቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ የኬላን ፊት አየችና ሳቋን ተወችው።

«ምን ሆኖ?»

«መጠጥ ይሸት እንደሆነ ንገሪኝ። እኔ አይሸተኝም። በጉንፋኑ አፍንጫዬ ጠፍቷል።»

ሾፌሩ አልዞረም፣ እጁ መሪው ላይ ነው። ሴትዮዋ ፌስታሏን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ውይ፣ እህቴን» አለች ቀስ ብላ። «እኔም እኮ ያው ነኝ። ከታመምኩ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ልጄ የተበላሸ ወተት ሰጥታኝ ጠጥቼዋለሁ።»

ኬላ ከኋላ ወደተቀመጠው መነጽር ያደረገ ሰውዬ ዞረች። «አንተስ፣ ወንድሜ?»

«እኔም» አለ ሰውዬው። «ሦስት ሳምንቴ።»

«እኔ ትንሽ ትንሽ ጀምሮኝ ነበር፣ ሽቶና ጭስ ግን አይለይልኝም» አለች አንዷ ከመስኮት በኩል። ሌላውም ራሱን ነቀነቀ። ጉንፋኑ ሾፌሩን የያዘው ከዚሁ መኪና አይደል? ማን ማንን ያሸታል? አስራ ሰባት ቀን ሙሉ አርባ አራት ሰው በትንፋሹ ሥር እየገባ እየወጣ አንድ ሰው ያልተናገረው ለምን እንደሆነ ኬላ አሁን ገባት። እሷ ብቻዋን የደበቀችው ነገር የሁሉም ሆኖ ተገኘ። እጇ ከሴትዮዋ ክንድ ላይ ወረደ። ከዚህ ወዲያ ማንን ትጠይቅ? መኪናውን በጉልበቷ ልታቆመው ነው? እርግጠኛ ሳትሆን፣ እጁ ጸጥ ስላለ ብቻ፣ የሰውን እንጀራ ልትቆርጥ ነው?

«እንሂዳ፣ እየረፈደ ነው» አለ ከመሐል አንድ ሰው።

ኬላ ሄዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሌላ የምታደርገው ስላልነበራት ነው።

ያኔ ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉን ነቀለ። ከዚያ ተነስቶ መጣና ቁልፉን ሚስቱ ጭን ላይ አስቀመጠው።

«ጠጥቻለሁ» አላት። ለእሷ ነው የተናገረው፣ የፊት ወንበሮቹ ግን ሰሙት። «ጠዋት፣ መታጠቢያ ቤት። የሻምፑ ዕቃ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ልጅቷ ሻምፑ ስለሚሸት አለፈችው።»

ኬላ ድልድዩን አሰበች። እሷ ከኋላው፣ በአንድ ክንድ ርቀት ተቀምጣ እያለች ነው የተሻገሩት።

ሾፌሩ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። የስምሪት ኃላፊው ቁጥር ላይ ከፍቶታል። እሱ ሊናገረው አልቻለም፤ ወርዶ የመኪናው ጎማ አጠገብ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እሷም ተከትላው ወረደችና ከጎኑ ቆማ ደወለች። ስልኩ ሲጠራ፣ የመኪናው መስኮቶች ሁሉ በሚያዩዋት ሰዎች ተሞልተው ነበር።

«አቤት» አለ ኃላፊው። «የት ደረስክ?»

«የሾፌሩ ባለቤት ነኝ፣ ጋሼ። ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ነን። ሌላ ሾፌር ይላኩ። ጠጥቷል፣ መንዳት አይችልም።»

ከወዲያ በኩል ኃላፊው ሲተነፍስ ይሰማታል።

«እህቴ፣ የምትይውን ታውቂያለሽ? የሰውየው የመጨረሻ እንጀራው ነው። እርግጠኛ ነሽ? ሸትቶሻል?»

ኬላ ወደ ባሏ አየች። ራሱን በጉልበቱ መሐል ቀብሮ ተቀምጧል።

«የለም፣ ጋሼ» አለች። «ራሱ ነው የነገረኝ።»